ቬኑስ ላይ ቡና በምን ይደርቃል?

በከፋዋ ቦንጋ ላይ ዝናብ መምጣቱን የሚያስታውቀው ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከዳገቱ ሰፈር ይነሳና ጣራ ለጣራ እየተቀባበለ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከጠብታው በፊት ጫጫታው ይደርሳል። አዲስ አበባ ቢሆን ይኼኔ ሁሉም ወደ በረንዳ ይሮጥ ነበር። የቦንጋ ሰው አይሮጥም። ጃንጥላ ያለው ይዘረጋል፤ የሌለው አንድ የእንሰት ቅጠል ቀንጥሶ ከራሱ በላይ ይይዛል፤ ወሬ ላይ የነበሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ተማሪዎች ኩሬውን አይዘሉትም። መሃል ለመሃል ይገቡበታል፤ የእግራቸው ጭቃ ታጥቦ ይወጣል።

ዝናቡ ሲከብድ ቤት ውስጥ የሚታዩ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ጨው ሰሃኑ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ክብሪት ደጋግመው ቢጭሩት እንቢ ይላል። ሚስማር ላይ የተሰቀለ የቆዳ ቀበቶ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። መጽሐፍ ደግሞ ያብጣል፤ ገጾቹ ይጣመሙና ሽፋኑ አልዘጋ ይላል። ወረቀቱ ለስልሶ ሲገለጥ የሚሰማው ድምፅ እንኳ ይጠፋል።

ዝናቡ መጋቢት ላይ ጀምሮ ጥቅምትን ይነካል፤ አንዳንድ ዓመት ኅዳርንም አይምርም። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። የከፋ ደን ደን ሆኖ የቆየው በዚህ ውሃ ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ ሁሉ የዚህ ውሃ ልጆች ናቸው።

እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ ሬይ ብራድበሪን የሚያነብ ሰው ታሪኮቹ የሚገቡት በሌላ በር ነው። ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ኢሊኖይ ውስጥ ዋኪጋን በምትባል ከተማ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። በ1938 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፤ ኮሌጅ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ መንገድ ዳር ጋዜጣ እየሸጠ በሳምንት ሦስት ቀን ለአሥር ዓመት ያህል ቤተ መጻሕፍት ተመላልሶ ራሱን አስተማረ። በዕድሜው 600 ያህል አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ማርስ ወይም ቬኑስ ላይ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ሮኬትም አለባቸው። ብራድበሪ ግን ሮኬቱ እንዴት እንደሚበር ለማስረዳት ጊዜ አያጠፋም። እሱ የሚከተለው ከሮኬቱ የሚወርደውን ሰው ነው፤ ምን ናፈቀው፣ ማንን ተመቀኘ፣ ማታ ብቻውን ሲሆን ምን ያስባል፣ ይህን ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው መካኒክ ያልሆንን ሰዎች ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በእሱ በኩል የወደድነው።

በ1954 የታተመች አንዲት ታሪክ አለችው፤ በአማርኛ “በጋው ሁሉ በአንድ ቀን” ብንላት ያስኬዳል። ቦታው ቬኑስ ነው። ከምድር የሄዱ ሰዎች ሰፍረው ልጆች ወልደዋል። ዝናቡ ለዓመታት አያባራም። ፀሐይ በየሰባት ዓመቱ አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ትወጣለች። የክፍሉ ተማሪዎች የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ፀሐይ ባለፈው ስትወጣ ሁለት ዓመታቸው ስለነበር አያስታውሷትም። ማርጎ የምትባል አንዲት ልጅ ግን ከምድር የመጣችው አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ፀሐይን አይታታለች፣ ሙቀቷን ታውቃለች። ሌሎቹ ይህን ይቅር አይሏትም። ፀሐይ በምትወጣበት ቀን መምህሯ ዞር ስትል ይይዟትና ጓዳ ውስጥ ይቆልፉባታል። ከዚያ ዝናቡ ይቆማል። ልጆቹ ይወጣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ይረሳሉ። አንዷ ልጅ መዳፏን ዘርግታ ትቆማለች፤ መዳፏ ላይ አንዲት ትልቅ የዝናብ ጠብታ አርፋለች። ሁሉም ይገባቸዋል። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው አንዷ ማርጎን የምታስታውሰው። እየተጎተቱ ሄደው ጓዳውን ይከፍታሉ። ታሪኩ እዚህ ያበቃል።

ይህን ታሪክ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ቡና ለምታፈላልኝ ሴት አወራሁላት። ቤቷ ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ወረድ ይላል፤ ጀበናው ከሰል ላይ ነው፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እናትየዋ ሲኒ እያጠበች ሰማችኝ። ስጨርስ ሲኒውን አስቀመጠችና፦

“ጋሼ፣ ታዲያ እዚያ አገር ቡናውን በምን ያደርቁታል?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ብራድበሪም ያሰበበት አይመስለኝም። ጥያቄው ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ከፈተልኝ። እሷ የሰማችው ስለ ሩቅ ፕላኔት አይደለም፤ ስለ ጥቅምት ነው። ከፋ ውስጥ እሸት ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሳይታጠብ የሚደርቀው ቡና ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት ወይም በቀርከሃ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሳስቶ መሰጣት አለበት። በቀን ብዙ ጊዜ በእጅ ይገለባበጣል፤ ሲገለባበጥ የተበላሸው፣ የተሰነጠቀው፣ ያልበሰለው እየተለየ ይወጣል። ማታ በላስቲክ ይሸፈናል። ቀዩ ፍሬ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ ይሸበሸባል፣ ጀንፈል ይሆናል። መድረሱን የሚያውቁት በጆሮ ነው፤ ጥቂቱን እፍኝ ውስጥ አድርገው ሲነቀንቁት ፍሬው ገለባው ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ማድረቁ በሚወስዳቸው ሳምንታት ውስጥ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ምግቡን ትቶ ወደ አልጋው ይሮጣል። ላስቲኩ ዘግይቶ ከደረሰ ጀንፈሉ ይሻግታል፣ ጠረኑ ይለወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ለዝናብ የማይሮጠው የቦንጋ ሰው ለቡናው ሲል ይሮጣል።

እንግዲህ ብራድበሪ ፀሐይን ለአንዲት ሕፃን ልጅ ናፍቆት አድርጎ ሰጣት፤ ይቺ ሴት ደግሞ የዓመት ገቢ አድርጋ አየቻት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሠራው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከምናውቀው ዓለም አንዲት ነገር ያነሳና የጎደለው ምን እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ኑሮ እንዲነግረው ያደርጋል። ፀሐይን አንሳ፤ ቦንጋ ላይ መጀመሪያ የሚጎድለው ጀንፈል ነው።

ልጅቷም ዝም አላለችም። ደብተሯን ዘግታ፣ “ልጅቷን ሲያወጧት ምን አለቻቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። ታሪኩ ይህን አይናገርም። ደራሲው በሩን አስከፍቶ ይሄዳል፤ ማርጎ ትጩህ፣ ታልቅስ፣ ዝም ትበል አንሰማም። ረጅም ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ከበሩ ማዶ ሌላ ሦስት መቶ ገጽ ይኖር ነበር። አጭር ልብ ወለድ ግን ጉዳዩ አንባቢው እጅ ላይ በሚወድቅበት ሰዓት ያቆማል። “አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸዋለሽ?” አልኳት። ብዙ አሰበች። “ፀሐይዋ እንዴት ነበረች ብዬ እጠይቃቸዋለሁ” አለች። ይህን መልስ ብራድበሪ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።

ደራሲው ቬኑስ ላይ ያዘነበውን ዝናብ በኋላ ሳይንስ አጥፍቶታል። ማሪነር 2 የተባለችው መንኮራኩር በታኅሣሥ 1962 እ.ኤ.አ. በአጠገቡ ስታልፍ ፕላኔቱ እጅግ ሞቃት መሆኑን አሳወቀች፤ ኋላ ያረፉት የሶቪየት መሣሪያዎች መሬቱ ላይ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ለኩ። ደመናው የሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የሚዘንበውም መሬት ሳይደርስ ይተናል። ታሪኩ ግን አልተበላሸም። ማርጎን ጓዳ ውስጥ የቆለፉት ልጆች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ እነሱን ማሪነር አላጠፋቸውም። ብራድበሪ ያረፈው በ5 ጁን 2012፣ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ቬኑስ በፀሐይ ፊት ማለፍ ጀመረች፤ ይህ በሰው ዕድሜ ከሁለት ጊዜ በላይ የማይታይ ነገር ነው።

“ረጅሙ ዝናብ” የምትለው የ1950 ታሪኩም ቬኑስ ላይ ናት። ሮኬታቸው የወደቀባቸው ሰዎች ፀሐይ ወዳለበት መጠለያ ለመድረስ በዝናብ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ዝናቡ አንድ በአንድ አእምሯቸውን ይነጥቃቸዋል። እዚህ ላይ ከብራድበሪ ጋር አልስማማም። እሱ ዝናብ ብርቅ በሆነበት በሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው ነው፤ ዝናብን እስር ቤት አድርጎ ማየት አይከብደውም። ከፋ ላይ ዝናብ የቤት ልጅ ነው፤ ሲዘገይ ያሳስባል፣ ሲበዛ ይቆጡታል፣ ጨርሶ እንዲሄድ የሚመኝ የለም። ይህን ታሪክ አንድ የደቻ ወይም የጊምቦ ወረዳ ልጅ ቢጽፈው ኖሮ ሰዎቹን የሚያሳብደው የዝናቡ መቆም ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ደኑ ልግባ። ብራድበሪ በ1952 ያወጣት “የነጎድጓድ ድምፅ” የምትባል ታሪክ አለች፤ ምናልባት በዓለም ላይ ከአጫጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች ሁሉ በጣም የታወቀችው እሷ ናት። ሀብታም አዳኞች ገንዘብ ከፍለው ወደ ጥንት ዘመን ተመልሰው ዳይኖሰር ይገድላሉ። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ይህ ነው፦ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተሠራው መንገድ መውረድ ክልክል ነው። ኤክልስ የሚባለው ሰው አውሬውን ሲያይ ይደነግጥና ከመንገዱ ይወርዳል። ወደ ዘመናቸው ሲመለሱ ቋንቋው ተለውጧል፣ በምርጫው ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው። ኤክልስ ጫማውን ሲያይ ጭቃው ላይ አንዲት የሞተች ቢራቢሮ ተጣብቃለች።

ማንኪራ ደን ውስጥ እግሬን ሳነሳ ይህች ቢራቢሮ ትዝ ትለኛለች። የደን ቡና የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ዛፉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በጥላ ስር ወደ ብርሃኑ ሲንጠራራ ያደገ ስለሆነ ፍሬው ጥቂት ነው። ሥሩ አካባቢ የወደቁ ፍሬዎች በቅለው ጣት የሚያህሉ ችግኞች ሆነዋል። ሁለት ቅጠል ብቻ አላቸው። አንድ ቦት ጫማ ሦስቱን ባንዴ ይረግጣል። ይህ ሲያዩት ምንም አይመስልም። የዓረቢካ ቡና ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ የእንዲህ ዓይነት ትንንሽ አጋጣሚዎች ታሪክ ነው። ዓረቢካ ራሱ ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዱት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከዚያ ሆላንዶች ጃቫ አደረሱት። በ1706 አንድ ተክል አምስተርዳም የዕፅዋት አፀድ ገባ። በ1714 ከዚያ ዘር አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፓሪስ የተወሰደ ችግኝ ማርቲኒክ ደረሰ። ላቲን አሜሪካን የሞላው ቡና አብዛኛው እንዲህ ካሉ በጣት የሚቆጠሩ ተክሎች የመጣ ነው። ያን ችግኝ በመርከብ ያደረሰው ሰው ውሃ ሳያጠጣው ቢቀር የማርቲኒክ ቡና ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከጥቂት እናት የተወለደ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይፈራል። በ1869 ሲሎን ውስጥ የታየው የቡና ዝገት በሽታ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የደሴቲቱን የቡና እርሻ አጠፋው፤ ሲሎን ወደ ሻይ የዞረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የከፋ ደን ለዓለም ሁሉ መድን የሚሆነው። ደኑ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች የተለያየ ዘር አላቸው፤ አንዱ የማይችለውን በሽታ ሌላው ይችል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የከፋን ባዮስፌር ክልል የመዘገበው ይህን አይቶ ነው። በ2012 ደግሞ የብሪታንያው የኪው ዕፅዋት አፀድና ኢትዮጵያዊ ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ፤ የአየር ንብረቱ በዚሁ ከቀጠለ የዱር ዓረቢካ ተስማሚ ስፍራዎች በ2080 በጥሩው ግምት 65 በመቶ፣ በክፉው ግምት 99.7 በመቶ ሊጠፉ ይችላሉ አሉ። ይህን ሳነብ ብራድበሪ የጻፈው መሰለኝ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የኤክልስ ቢራቢሮ ከሞተች በኋላ ነው የታወቀው፣ የእኛ ግን ገና በሕይወት አለች።

ከደኑ ወደ ከተማው ልመለስ። “እግረኛው” የምትለዋ የብራድበሪ የ1951 ታሪክ አጭር ናት። ጊዜው 2053 ነው። ሰው ሁሉ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል፤ ሊዮናርድ ሚድ የሚባል አንድ ደራሲ ብቻ ለመንሸራሸር ይወጣል። ሹፌር የሌላት የፖሊስ መኪና ታስቆመዋለች። ወዴት ትሄዳለህ፣ ለምን ትሄዳለህ ትለዋለች። ዝም ብሎ መሄድ የሚባል ምክንያት ለመኪናዋ አይገባትም፤ ይዛው ወደ አእምሮ ሕክምና ትሄዳለች። ታሪኩ የመጣው ከራሱ ከብራድበሪ ገጠመኝ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከወዳጁ ጋር በእግሩ ሲሄድ ፖሊስ አስቁሞ ምን እያደረጋችሁ ነው ብሏቸው ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ነድቶ አያውቅም።

ቦንጋ ላይ ሚድ ቢመጣ ብቻውን አይሆንም። ወደ ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል ከተማው በሙሉ ዳገቱን ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ከገበያ የምትመለስ ሴት ባዶ ቅርጫቷን ራሷ ላይ ደፍታለች፤ ተማሪዎች አንድ ጃንጥላ ለአራት ይዘው ይሳሳቃሉ። ባጃጅ አለ፣ ሰው ግን የሚያነጋግረው ካገኘ መሄድ ይመርጣል። ሌላም ያየሁት አለ። መብራት ሲጠፋ በረንዳው ሁሉ ላይ ከጉንጭ በታች የሚያበራ የስልክ ብርሃን ይታያል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አላፊው ሰላም ሲል ቀና የሚለው ጥቂት ነው። ብራድበሪ የፈራው ይህን ነበር። እኔም እፈራዋለሁ፤ የማታው እግረኛ ከዚህ ከተማ እንዲጠፋ አልፈልግም።

በ1950 የወጣችው “የሳሩ ሜዳ” ደግሞ አፍሪካን ታነሳለች። የአሜሪካ ሕፃናት የመጫወቻ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ቢጫ ሳርና አንበሶች ፈጥረው በመጨረሻ አንበሶቹ ወላጆቻቸውን ይበሏቸዋል። ያ አፍሪካ ደረቅ ሜዳ ነው። ከፋም አንበሳ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ናቡ የከፋን አንበሶች በፎቶ አስቀርቷል። የከፋ አንበሳ ግን በጉም ውስጥ፣ ሽበት በለበሰ ዛፍ ስር፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ ነው የሚረግጠው። ይህን አንበሳ ብራድበሪ አላወቀውም። ሊጽፈው የሚችለው የዚህ አገር ሰው ነው።

ከታሪኮቹ ሁሉ ቦንጋ ላይ ሳነብ ልቤ ላይ የከበደኝ አንድ የማርስ ታሪክ ነው። በ1948 የታተመ ነው። ከምድር የሄዱ ሰዎች ማርስ ሲደርሱ ማርሳውያኑ ከቀደሙት ተጓዦች በተጋባባቸው የጉድፍ በሽታ አልቀዋል፤ ከተሞቻቸው ባዶ ቆመዋል። የመርከቡ ሠራተኞች ይጠጣሉ፣ ጠርሙስ ወደ ቦዩ ይወረውራሉ። ስፔንደር የሚባል አንዱ ግን ያፍራል። መጽሐፋቸውን ያነባል፤ እነማን እንደነበሩ ያጠናል። ከዚያ በባልንጀሮቹ ላይ ጠመንጃ ያነሳል፤ ታሪኩ ይህን ድርጊቱን አያጸድቅም፣ ሐፍረቱን ግን ያከብርለታል። ከፋ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ የሚክሬቾ ሸንጎ፣ የራሱ የመከላከያ ቦዮች የነበሩት መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ተማረኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎችን እያነጋገረ መዘገበ፤ ሥራው በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ ታተመ። ያነጋገራቸው ሰዎች የራሳቸውን ዓለም ለእንግዳ የሚያስረዱ ነበሩ። ይህን እያሰብኩ የማርሱን ታሪክ ሳነብ ማርስ ሩቅ አይደለችም። ያንን ዘመን ከውስጥ፣ ከአንድ የከፋ ሰው ዓይን፣ በስምንት ገጽ የሚጽፍልን ደራሲ እፈልጋለሁ።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለእኛ ባዕድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ነው፤ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች፣ የጉሙንና የጠሉን ማደሪያ ያውቃል። ሰማይን እንደ ቤት ክፍል በክፍል ዞሮ ማየት በእኛ ብራና ላይ የቆየ ነገር ነው። በዘመናዊው ጽሑፍም ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. “መስከረም”ን፣ በ1952 “ሌላው መንገድ”ን ሲያወጣ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ በሁለት እግሩ ቆመ። አዳም ረታ ከዚያ ወዲህ አጭሩን ታሪክ ማንም ያልወሰደው ቦታ ወስዶታል። ይስማዕከ ወርቁ በ“ዴርቶጋዳ” ሳይንስንና የጣናን ገዳማት አንድ ላይ ሲያስቀምጥ አንባቢው መጽሐፉን እንዴት እንደተሻማበት እናስታውሳለን። አንባቢ አለ፣ ቅርጹም አለ፣ የቆየ ምናብም አለ። የሚቀረው እነዚህን በአሥር ገጽ ውስጥ የሚያገናኝ ሰው ነው።

ብራድበሪ ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ ነበረው። በወጣትነቱ ስሞችን ብቻ ይዘረዝር ነበር፤ ሐይቁ፣ ሕዝቡ፣ ሌሊቱ እያለ፤ ከዚያ አንዱን ይመርጥና ለምን እንደጻፈው ራሱን ይጠይቃል። በ22 ዓመቱ “ሐይቁ” ከሚለው ቃል ተነስቶ ሰጥማ ስለቀረች ልጅ የሚናገር ታሪክ ወጣው። ጽፎ ሲጨርስ አለቀሰ፤ የራሴ የምለውን የመጀመሪያ ታሪክ ጻፍኩ ያለው በዚያ ቀን ነው። በየሳምንቱም አንድ ታሪክ ይጽፍ ነበር።

እኔም ቦንጋ ላይ ሞከርኩት። ጉም። ቀፎ። ጉሬዛ። ጀንፈል። የእግዜር ድልድይ። የእንሰት ቅጠል። ቀፎ የሚለው ላይ ቆምኩ። ረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የከፋ ቀፎ ያየ ያውቀዋል፤ ባለቤቱ በገመድ ወጥቶ ይሰቅለዋል፣ ንቡ ሲገባለት ይጠብቃል። አንድ ዓመት ንቡ ባይመጣስ? በዚያ ዓመት ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ወዲያ ባይመጣስ? አባት ዛፉ ላይ ወጥቶ ጆሮውን ባዶ ቀፎ ላይ ሲያስጠጋ፣ ከታች ገመዱን የያዘ ልጁ “ምን ይላል አባዬ?” ሲለው ምን ይመልስለታል? ይህ ታሪክ ሮኬት አያስፈልገውም።

እንግዲህ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲና በቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለምትማሩ፣ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ለምታስተምሩ፣ ለናንተ ነው የምለው። የአማርኛ መምህራን በዚህ ዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ ለብራድበሪ ስጡ፤ “በጋው ሁሉ በአንድ ቀን” በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ ያልቃል። ተርጓሚዎች እነዚህን ታሪኮች በአማርኛም በካፊኖኖም አውጡልን። የመጽሔት አዘጋጆች ለአጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቋሚ ገጽ ክፈቱ፣ ለጸሐፊውም ክፈሉ። ተማሪዎች ደግሞ አሥር ስሞች ጻፉ፤ ከደጃችሁ፣ ከደናችሁ፣ ከቡናችሁ አልጋ ላይ ምረጡ። አንዱን አንሡና ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ጻፉ። ስምንት ገጽ ይበቃል። ጽፋችሁ ላኩልን፤ እናነበዋለን።